ከኋላ የተቀመጠችው ቀጭን ሴት

ለአራቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን፣ ለወላጅ ኮሚቴዎች፣ ለጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ባይመለከታቸውም ከማንም ቀድመው ለሚሰሙ ወገኖች በሙሉ፦ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሻርፕ በሞተር ሳይክል የኋላ ወንበር ተሳፍራ ስትሄድ መታየቷን በጥልቅ ኀዘን እንገልጻለን። ሻርፗ ደህና ናት። ቀለሟም አልለቀቀም። ችግሩ የታሰረችበት ራስ ላይ ነው፤ ራሱ የባለቤቷ አልነበረም።

ይህን ታላቅ ዜና ያበሰሩት የሻርፗ ባለቤት እናት ናቸው። እኚህ ሴት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አላቸው። ከታችኞቹ ፎቆች ኪራይ፣ ከላይኛው በረንዳ ደግሞ ወሬ ይሰበስባሉ፤ ኪራዩ አንዳንዴ ይዘገያል እንጂ ወሬው በሰዓቱ ነው የሚገባው።

«እኔ መቼም እንደምታውቂኝ ወሬ አልወድም» አሉ፣ ልጃቸው ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ።

«ጎሽ እማዬ። እንግዲያው አትንገሪኝ።»

«አልነግርሽም። ብቻ ያ አጥንት ቆጣሪ መምህርሽ ሴት በሞተሩ አፈናጥጦ በደጃችን አለፈ።»

ልጅቱ ቦርሳዋን አወረደች። ወንበር ላይ ያስቀመጠችው መስሏት መሬት ላይ ጣለችው።

«ምን ዓይነት ሴት?»

«ቀጭን! ኧረ ቀጭን ብቻ! እህል በአፏ የዞረ አትመስልም። ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ወገቡን ጥምጥም አድርጋ ይዛዋለች። ፍንክች የለም፣ ትንፍሽ የለም። ዝም ያለች ጨዋ። የሚፈራው እንዲህ ዓይነቷ ነው የኔ ልጅ፤ ለፍላፊዋስ ጮኻ ጮኻ ይወጣላታል።»

«ዘመዱ ትሆናለች።»

«ዘመድ እንዲህ ወገብ ትይዛለች? ደግሞ እሱ ሆዬ እየነዳ ወደ ኋላው ዘወር እያለ ያወራታል! ይስቅላታል! ራሷ ላይ ምን ሸብ ያደረገች ይመስልሻል? እኔ በልደትሽ የሰጠሁሽን ሻርፕ!»

ያለፉትን ሳምንታት የኑሮ ውድነት፣ ጉንፋን ወይም ሌላ መጽሔት ይዟችሁ ላመለጣችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ሒሳብ ታስተምር ነበር፤ እሱ ባዮሎጂ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ስለነበር መጀመሪያ ጠመኔ ተዋዋሱ፤ ቀጥሎ ቀይ እስክሪብቶ፤ ከዚያ ወዲያ ተውሰው ሊመልሱት የማይቻል ነገር ተሰጣጡ፤ ማንም ግን ስሙን አልጠራውም። እሱ ስሙን ሊጠራው ጉሮሮውን ሲጠርግ ከረመ። ጠርጎ ሲጨርስ የሹመት ደብዳቤዋ ደረሰ።

የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ሆነች። አራት ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን አንድ ላይ ያስሩና፣ የደከመው ከበረታው እየተማረ ሁሉም እንዲሻሻል ኃላፊነቱን ለአንድ ሰው ይሰጣሉ። ያ ሰው ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ዳይሬክተሮችን ያማክራል፤ የጎደለውን አይቶ ይጽፋል፤ በጻፈው መሠረት ድጋፍ ይመጣል። ቢያንስ ይመጣል ተብሎ ይጻፋል። ከአራቱ አንዱ የእሱ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ጎረቤቷ የነበረው ሰው ሰኞ ጧት የበታቿ ሆነ። ድሮ «መምህር?» ብለው አፍንጫቸውን ይነፉ የነበሩት እናት፣ አሁን «የገዛ መምህርሽ?» ብለው ይነፉት ጀመር። እሱ ደግሞ ሰው ፊት «አንቺ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» አላት። ቀጥሎ ሰው በሌለበትም «እርስዎ» አላት። ቃሏ ከአፉ በወጣች ቁጥር አንድ ቦታ በር የተዘጋ ይመስላታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሮ ደብዳቤ ጽፎላታል። «ጉዳዩ፦ አብሮ ሻይ መጠጣትን ይመለከታል» ይላል። ቁጥርና ቀን አለው። እሷም «ጥያቄዎ ለጊዜው በይደር ተይዟል» ብላ መለሰች። ሁለቱም ደብዳቤያቸውን በክብር ፋይል አድርገዋል፤ እሱ ትራሱ ሥር።

ሻርፗስ? በሹመቷ ቀን እሱ ነበር በሞተሩ ቢሮ ያደረሳት። ዝናብ ያዛቸው። አዲሲቱ ሹም ራሷን አራግፋ ስትገባ የራሰችውን ሻርፕ እሱ እጅ ላይ ተወችው። «አድርቄ አመጣልሻለሁ» አላት። ከዚያ ወዲህ በጠየቀችው ቁጥር «እየደረቀች ነው» ይላል። ባሕር እንኳ እስካሁን ይደርቅ ነበር።

«ተይው» አሉ እናት፣ ልጃቸው ቦርሳዋን መሬት ላይ እንደተወችው አይተው ደንግጠው። «ያየሁት ሌላ ይሆናል። ዓይኔ ደክሟል።»

እናት ዓይናቸው ደክሞ አያውቅም። ልጅቱ ወደ በረንዳው ወጥታ ከታች ያለውን አስፋልት አየች። ባዶ ነው። ባዶው አስፋልት ላይ ግን አንዲት አይታት የማታውቅ ሴት፣ በእሷ ቦታ ተቀምጣ፣ በእሷ ቀልድ ስትስቅ ታየቻት።

* * *

ያ ሳምንት የመጀመሪያ ምልከታዋ ሳምንት ነበር። ሰኞ ገበያው አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት አይታ ነበር። ዳይሬክተሩ ቤተ ሙከራ አስገብቶ፣ እንደ ቴአትር መጋረጃ ገልጦ፣ «ይኸው!» አላት። ሙሉ የሰው አጽም ቆሟል።

«አጽም አላችሁ?» አለች ተደስታ።

«ምን ጥያቄ አለው! ያለ አጽም ትምህርት ይኖራል?»

ዙሪያዋን ዞረች። የግራ እጇ ትንሽ ጣት የለችም። ሱፐርቫይዘሯ ገረማት፤ የራሷ የድሮ ትምህርት ቤት አጽም፣ ተማሪው ሁሉ ወይዘሮ ዝምታ የሚላት፣ ያችኑ ጣት ነው የሌላት። ከካርቶኗ ስትወጣም አልነበረችም ይባላል። አንድ የሒሳብ ሰው ሁለት አጽም ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ሲያይ ምን ይላል? ከአንድ ፋብሪካ ወጥተዋል ይላል። እሷም ብላ አልቀረችም፤ «የአመራረት ስህተት ስላለ ይጣራ» ስትል ለግዥ ክፍል ጻፈች።

ረቡዕ የእሱ ተራ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ከኋላ፣ ከረጃጅሞቹ ተማሪዎች መሀል ተቀመጠች። እሱ ስለ ልብ ነበር የሚያስተምረው። ሰሌዳው ላይ የሳለው ልብ ድንች መሰለ። ወይዘሮ ዝምታ ጥግ ላይ ቆማ ሁለቱንም ትታዘባለች። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ግብረ መልስ ሊሰጥ ግድ ስለሆነ፣ በድሮዎቹ ጠረጴዛዎቻቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሌሎቹ መምህራን አንገታቸውን ደፍተው ደብተር የሚያርሙ መሰሉ። አንድም እስክሪብቶ አይንቀሳቀስም።

«ከጠንካራ ጎን እንጀምር» አለች። «ድምፅዎ ከኋላ ድረስ ይሰማል።»

«አመሰግናለሁ። እርስዎም በደንብ ነው የተቀመጡት።»

«መሻሻል ያለበት…» ወረቀቷን አየች። ወረቀቷ ላይ ምንም አልተጻፈም። «ትኩረት። መምህር ትኩረቱን አንድ ቦታ ላይ ማድረግ አለበት። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ካለ ሰው ያዝናል።»

«ተማሪ ማለትዎ ነው?»

«ተማሪም ሰው ነው።»

እሱ ደብተሩን ገልጦ ዘጋው። ደረቱ ውስጥ ምስጢር ይዟል፤ ለሦስት ዳይሬክተሮች ቃል የገባበት ምስጢር። እሷ ዓይኑ ውስጥ ያንን ምስጢር አየች። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የታያት።

«የሚነግሩኝ ነገር አለ?» አለች ዝቅ ብላ።

አፉን ከፈተ። ጉሮሮውን ጠረገ። «የለም» አለ።

«ሻርፗስ?»

«እየደረቀች ነው።»

ምልከታውን ፈረመች። እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶ ጠረጴዛው ላይ ምልክት ተወ። ያንን ጠረጴዛ የሚያጸዳው የጽዳት ሠራተኛ እስከ ዛሬ ሊያስለቅቀው አልቻለም። ከደረጃው ስትወርድ ሰላም ያሏትን ተማሪዎች በሙሉ ሰላም አለች፤ ማንኛቸውንም ግን አላየችም።

* * *

ሐሙስ ጧት ሦስተኛው ትምህርት ቤት። የዚህ ዳይሬክተር ቅጽል ስም «እንከን የለሽ» ነው፤ ምንም ቢጠይቁት «እንከን የለውም» ስለሚል። ጣሪያው? እንከን የለውም። ሲናገር አንድ ጠብታ ውሃ ከጣሪያው ወርዳ መላጣው ላይ አረፈች፤ አልጠረጋትም። ቤተ ሙከራው? እንከን የለውም። አጽሙ? እንከን የለውም።

«ትንሽ ጣቷ የለችም» አለች ሱፐርቫይዘሯ።

«ከዚያች በስተቀር።»

«ይቺም!» አለች። «ጉድ ነው እኮ! ፋብሪካው ጣት መሥራት አይችልም ማለት ነው?»

የቀረው አራተኛው፣ ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ቀጠሮው ዓርብ ነበር። ግን ከሰዓቱን ቢሮ ተቀምጣ ስለ ቀጭን ሴት ማሰብ አልፈለገችም። ሥራ ይሻላል። ሥራ ወገብ አይዝም።

«ዛሬውኑ ኮረብታው ጋ እወጣለሁ» አለች።

እንከን የለሽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንከን ታየበት። «ዛሬ? አሁን? ነገ አልነበረም እንዴ?»

«ዛሬ ምን ችግር አለው?»

«ምንም እንከን የለውም! ሻይ! ሻይ ይምጣላቸው!»

ሻይ መጣ። ሌላ ሻይ መጣ። የእንግዳ መዝገብ መጣ፤ አስተያየት ጻፈች። የመዝገቡን የቀድሞ አስተያየቶች ካላነበብኩልዎ ብሎ ድርቅ አለ። ቀጥሎ አዲሱን መጸዳጃ ቤት አስጎበኛት፤ በር ከፍቶ፣ በር ዘግቶ፣ እንደገና ከፍቶ። መካከል ላይ ከሕንፃው ጀርባ የሞተር ሳይክል ድምፅ ተነሣ። እንከን የለሽ በኃይል አሳለ። ሞተሩ እስኪርቅ ድረስ አሳለ።

በመጨረሻ አምልጣ መኪና ውስጥ ስትገባ ሾፌሩ መስኮት እየወለወሉ ጠበቋት። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ የስንቱን ሱፐርቫይዘር ወሬ ሰምተው የስንቱንም አልደገሙም።

ከአስፋልቱ ወጥተው የኮረብታውን ኮረኮንች ሲጀምሩ ዝናቡ ወረደ። ከመንገዱ ጥምዝምዝ በላይ አንድ ሞተር ሳይክል ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆሟል። ነጂው ወርዶ ጉልበቱ ድረስ ተነክሮ መሪውን ይጎትታል። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ተቀምጣለች። ራሷ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ።

የሱፐርቫይዘሯ ልብ መጀመሪያ ቆመ፤ ቀጥሎ ቆሞ የነበረበትን ጊዜ ለማካካስ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አለ?»

«እኔ መኪና ነው የምነዳ እንጂ ነገር አልነዳም» አሉ ሾፌሩ።

«ያቁሙልኝ።»

ወረደች። የቢሮ ጫማዋ በመጀመሪያው እርምጃ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልዞረችለትም።

«ሱፐርቫይዘር!» አለ መምህሩ፣ ሞት እንዳየ ሰው ደርቆ። «እባክዎ! ላስረዳ!»

«አንተ ዝም በል! ከእሷ ጋር ነው የማወራው!» ወደ ኋላ ወንበሩ ዞረች። «አንቺ እኅቴ! ሰው ጭቃ ውስጥ ሲዋኝ ንግሥት መስለሽ ትቀመጫለሽ? ወርደሽ ብትገፊ ምን አለበት?»

ዝም።

«እሺ፣ ስሚኝ። አልሰድብሽም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ምናልባት ስለ እኔ አልነገረሽ ይሆናል። እሱ የልቡን ለመናገር ዘመን ይፈጃል። እኔም አልጠየቅኩትም። ሹም ሆኜ እንዴት ልጠይቅ? በምን ቅጽ?» ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። «ውሰጂው። ሻርፗ ግን የኔ ናት። ሻርፗን መልሺልኝና… ውሰጂው።»

ሁለተኛው «ውሰጂው» ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሴትየዋ አሁንም ዝም።

«ቢያንስ ቀና ብለሽ እዪኝ!» ብላ የሻርፗን ጫፍ ሳብ አደረገችው።

ራሱ አብሮ ዞረ። ብርድ ልብሱ ወረደ። መንጋጋው ረገፈና ቀጥ ብሎ የሱፐርቫይዘሯ መዳፍ ላይ አረፈ።

ሾፌሩ የመኪናቸውን በር ዘጉ። ቀጥሎ ከውስጥ ቆለፉት። ትንሽ አሰቡና መስኮቱንም ዘጉ።

ሱፐርቫይዘሯ መዳፏ ላይ ያለውን ጥርስ አየች። ከዚያ በሲባጎ የታሰሩትን እጆች። ከዚያ ግራውን። ትንሽ ጣት የለም።

«ወይዘሮ ዝምታ?» አለች።

«አዎ።»

«የገበያው ትምህርት ቤት አጽምስ?»

«እሷው ናት። እሑድ ወሰድኳት፣ ማክሰኞ መለስኳት።»

«ዛሬ ጧት እንከን የለሽ ጋ ያየኋትስ?»

«በመስኮት ነው የወጣነው። ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የለኝም።»

«ፋብሪካው!» ብላ ጮኸች። «ለግዥ ክፍል ጽፌያለሁ እኮ! ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ወጥተዋል ብዬ ፈርሜያለሁ!»

ሳቋ መጣ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ መንጋጋውን በእጇ እንደያዘች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም መሳቅ ሲጀምር ሳቋ መንገድ ቀይሮ ልቅሶ ሆነ። እሱ መሀል ላይ ተያዘ፤ አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ ደንግጧል።

«ሱፐርቫይዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

«እርስዎ አትበለኝ! ለምንድነው ያደረግከው?»

«ዳይሬክተሮቹ ለመኑኝ። አንድም አጽም የላቸውም፤ ፈርተው ነው።»

«እኔን?»

«አንቺን» አለ። ቃሏ ሳያስበው ወጣች። ሁለቱም ሰሟት፤ ዝናቡ ራሱ ትንሽ ጋብ ያለ መሰለ። «አንቺን አያውቁሽማ። ለእኔ ግን ምክንያቱ እነሱ አይደሉም። ልጅ ናት፣ አትችለውም ያሉሽን ሰዎች ሰምቻለሁ። የመጀመሪያ ሪፖርትሽ ላይ ከአራቱ ሦስቱ ባዶ ከሆኑ፣ ይኸው አላልንም ወይ ይላሉ። ሪፖርትሽ እንዲያምርልሽ ብዬ ነው።»

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ስትናገር ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ ነው ያስፈራው።

«ሐኪም ይመጣል ተብሎ ጉንጩን ቀለም የሚቀባ በሽተኛ አይተህ ታውቃለህ? ሦስት በሽተኛ ቀብታችሁ ጠበቃችሁኝ። እኔም ጤነኛ ናቸው ብዬ ልጽፍ ነበር። ጤነኛ ነው ከተባለ ማን መድኃኒት ይልካል? እነዚያ ልጆች ያለ አጽም፣ ያለ ምንም ይቀሩ ነበር፤ በእኔ ፊርማ። ሁሉም ሰው ዓይኔን ቢጋርድ ይገባኛል። አንተ ግን… አንተ እኮ የቀይ እስክሪብቶዬን ቀለም ማለቅ ከእኔ ቀድመህ የምታውቅ ሰው ነህ!»

ብርድ ልብሱን ከጭቃው አነሣ። ወይዘሮ ዝምታም ያለ መንጋጋዋ ከሁለቱም በላይ ጥፋተኛ መሰለች።

«አጥፍቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ስለምታፍሪበት ነገር እንጂ ስለምትሠሪው ሥራ አላሰብኩም። አሁን ምን ትጽፊያለሽ?»

«ያየሁትን። አራት ትምህርት ቤት፣ አንድ አጽም፣ አንድ ጣት ጎደሎ። አንድ ሞተር ነጂም አለበት።»

«ሪፖርትሽ ያስጠላል።»

«ያስጠላ።»

«ስሜንም ትጽፊዋለሽ?»

«መጀመሪያ መስመር ላይ። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የእናንተን ትምህርት ቤት ምልከታ ለጎረቤት ጉድኝት ሱፐርቫይዘር አስረክባለሁ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ከእንግዲህ ላታዪኝ ነው?»

«እንደ ሹም አላይህም» አለች፣ ቀና ብላ እያየችው። «በይደር የተያዘ የሻይ ጥያቄ ነበር። የራሴን የበታች ሻይ ልጠጣ አልችልማ። ለምን እንደማስረክብ ካልገባህ ባዮሎጂ አታስተምር።»

ገባው። እስኪገባው ድረስ ግን ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አየችው፤ ከዓመታት የጠረጴዛ ጉርብትና ይልቅ በዚያች ደቂቃ አይታ ጠገበችው።

* * *

የኮረብታው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እንከን የለሽ ስለደወለላቸው አንድ የዕቃ ክፍል በር ላይ «ቤተ ሙከራ» ብለው አጽፈው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ንግግራቸውን በቃላቸው ይዘው በር ላይ ቆመዋል። መኪናው መጣ። መጀመሪያ ሾፌሩ ወረዱ። ቀጥሎ ጭቃ የለበሰ መምህር። ከዚያ አንድ እግሯ ባዶ የሆነ ሱፐርቫይዘር፣ አጽም ታቅፋ።

ዳይሬክተሯ የያዙት ንግግር ጠፋባቸው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ሦስታችሁም።»

«እናቴ፣» አለች ሱፐርቫይዘሯ፣ «ምን እንዳላችሁ አልጠይቅዎትም። ምን የላችሁም?»

ዳይሬክተሯ መምህሩን አዩ። አጽሟን አዩ። ቀጥሎ ያንን የረጠበ ጽሑፍ ዞር ብለው አዩትና ከደረታቸው የታፈነ አየር ወጣ። «ከየት ልጀምርልሽ ልጄ?» አሉ። «ቁጭ በይ። ጫማም ላስፈልግልሽ።»

ወይዘሮ ዝምታን ያን ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ያቆማት የለም። ጠረጴዛ ላይ አስተኟት፤ ተማሪዎቹ ጎድኗን ቆጠሩ፣ ጉልበቷን አጠፉ፣ መንጋጋዋን ገጠሙ። አንዲት ልጅ ወዲያው «ትንሽ ጣቷ የታለች?» አለች፤ ስለ ፋብሪካ ምንም አላለችም። ሱፐርቫይዘሯ ጥግ ላይ ቆማ የተዘዋዋሪ ፕሮግራም ጻፈች፦ ከእንግዲህ አጽሟ በአራቱም ትምህርት ቤቶች በግልጽ ትዞራለች፤ ለእንግዳ ሳይሆን ለተማሪ። ማጓጓዣ፦ በሞተር። ነጂው ማን እንደሆነ መጻፍ አላስፈለጋትም፤ ያንን ቦታ ባዶ ትታ ለራሷ ፈገግ አለች።

* * *

እሑድ እለት ባለ ሦስት ፎቋ እናት ሳሎን ውስጥ ሻይ ቀረበ። መምህሩ ከሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ለመብረር እንደተዘጋጀ ወፍ ተቀምጧል። ሸሚዙን ተኩሷል፤ አንገቱ ላይ ግን ትንሽ የኮረብታው ጭቃ ቀርታለች። ሱፐርቫይዘሯ ፊት ለፊቱ ናት። ሪፖርቷ ቢሮ ገብቷል፤ አለቃዋ ሁለት ጊዜ አንብበው፣ አንድ ጊዜ ተናደው፣ ማንንም ሳያመሰግኑ ለኮረብታው ትምህርት ቤት ዕቃ ይገዛ ብለው መርተዋል። እሱ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል፤ እሱንም ትራሱ ሥር ፋይል አድርጎታል። አረንጓዴዋ ሻርፕ አንገቷ ላይ ናት። ደርቃለች።

እናት ምርመራቸውን በሥርዓት ያዙ።

«አጽሟን የተሸከምካት ለልጄ ብለህ ነው?»

«አዎ እማማ። ስህተት ነበር።»

«ስህተቱስ ስህተት ነው። ብርድ ልብሱስ?»

«ሰው አይቷት እንዳይደነግጥ ነው።»

«እኔ አይቻት ደንግጫለሁ። ወገብህን ያስያዝካትስ?»

«እንዳትወድቅ እማማ። በሲባጎ ነው ያሰርኳት።»

እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም መልስ ልክ ነው፤ ይኼ ነው የሚያናድዳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ ፊት አዘነበሉ።

«እሺ። አጥንት ብርድ አይበርደው፣ ፀሐይ አይመታው። ሻርፗን ለምን አሰርክላት? ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ እየነዳህ ወደ ኋላ ዘወር እያልክ ስታወራት ነበር። ስትስቅላት ነበር። ለመሆኑ ምን እያልክ ነበር የምታወራት?»

 መምህሩ ሻርፗን አየ፤ ከሻርፗ በላይ ያለውን ፊት አየ፤ ከዚያ ምንጣፉን። ጆሮዎቹ ቀልተው ከሸሚዙ ጋር አልሄዱም። ከወዲያ በኩል የሱፐርቫይዘሯ ስኒ ወደ አፏ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመ። መልሱ ሳይነገር ደርሷት ነበር፤ ያም ሆኖ መስማት ፈለገች።

«ስለ ጣቷ ይጠይቁኝ፣ ስለ መንጋጋዋ ይጠይቁኝ እማማ» አለ። «ይኼንን ግን አላስረዳም።»

«በጽሑፍስ?» አለች ሱፐርቫይዘሯ።

«በጽሑፍም አላስረዳም።»